የ2ኤን3904 ትራንዚስተር ከረንት ቮልቴጁ ሳይለወጥ ለምን ይጨምራል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። በላቦራቶሪ ውስጥ የ2ኤን3904 ትራንዚስተርን የውጤት መስመሮች ነጥብ በነጥብ እየለካሁ ነው፤ ይኸውም የቤዝ ከረንቱ ባለበት ሆኖ የኮሌክተር ከረንቱ በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል ካለው ቮልቴጅ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ለመሳል ነው። ቤዙን የምመግበው በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ሲሆን፣ በሬዚስተሩ ጫፎች መካከል 10 ቮልት እንዲኖር በማድረግ የቤዝ ከረንቱን 100 ማይክሮ አምፒር ላይ አቁሜዋለሁ።

የኮሌክተሩ ቮልቴጅ 2 ቮልት ሲሆን 18 ሚሊ አምፒር አነባለሁ። ወደ 10 ቮልት ከፍ ሳደርገው መልቲሜትሩ መጀመሪያ 19.5 ያሳይና፣ ምንም ሳልነካው ቀስ በቀስ እየጨመረ 23 ላይ ይደርሳል። ወዲያው ወደ 2 ቮልት ስመልሰው ደግሞ 18 ሳይሆን 21 ያህል አነባለሁ፤ ቁጥሩም እየወረደ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ቮልቴጁን እየጨመርኩና እየቀነስኩ የሳልኳቸው ሁለት መስመሮች አይገጥሙም። የመስመሩ ተዳፋት ከኧርሊ ክስተት የሚመጣ እንደሆነ ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን ይህ ክስተት ከጊዜ ጋር እንደሚለዋወጥ የሰማሁት ነገር የለም። የትኛውን ንባብ ልመዝግብ? የኧርሊ ቮልቴጁንስ (መስመሩ ወደ ኋላ ሲረዝም ከረንቱ ዜሮ የሚሆንበትን የቮልቴጅ መጠን) ከየትኛው ላስላ?

መልስ 1

እየለኩ ያሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ነው። ጄምስ ኧርሊ በ1952 የገለጸው ክስተት የሚመጣው፣ የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ሲጨምር በኮሌክተርና በቤዝ መጋጠሚያ ላይ ያለው ከተንቀሳቃሽ ቻርጅ ባዶ የሆነ ክልል ወደ ቤዙ ውስጥ ስለሚሰፋና የቤዙን ስፋት ስለሚያጠበው ነው። ይህ ቮልቴጁ በተለወጠበት ቅጽበት የሚፈጸም ስለሆነ ደቂቃ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ቀስ እያለ የሚመጣው ሙቀት ነው።

በራስዎ ቁጥሮች ያስሉት። 10 ቮልት በ23 ሚሊ አምፒር ሲባዛ 230 ሚሊ ዋት ይሆናል። የዚህ ትራንዚስተር ዳታ ሺት (የአምራቹ የመረጃ ሰነድ) ከውስጠኛው መጋጠሚያ እስከ አካባቢው አየር ያለውን የሙቀት መቋቋም በአንድ ዋት 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አድርጎ ስለሚሰጥ፣ መጋጠሚያው ከክፍሉ አየር በ46 ዲግሪ ያህል ይሞቃል ማለት ነው። የትራንዚስተሩ የከረንት ማጉላት መጠን ደግሞ በየዲግሪው ከግማሽ በመቶ ባላነሰ ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ 19.5 የነበረው ወደ 23 መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ወደ 2 ቮልት ሲመለሱ 21 ያነበቡትም ትራንዚስተሩ ገና ስላልቀዘቀዘ ነው።

ልዩነቱ በስሌቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። 18 እና 23ን ወስደው ቀጥታ መስመሩን ወደ ኋላ ቢያስረዝሙት የኧርሊ ቮልቴጁ 27 ቮልት አካባቢ ይወጣል፤ 18 እና 19.5ን ከወሰዱ ግን 94 ቮልት ይሆናል። በ27 ቮልት ላይ ተመሥርቶ የሚሠራ የማጉያ ንድፍ የትራንዚስተሩን የውጤት መቋቋም ከሦስት እጥፍ በላይ አሳንሶ ይገምታል።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን 19.5 የሚለውንም ንባብ እንደ ቀዝቃዛ ንባብ መውሰድ አይገባም። የትራንዚስተሩ ፕላስቲክ ሽፋን ለመሞቅ ብዙ ሰከንዶች ቢፈጅበትም በውስጡ ያለችው ትንሿ የሲሊኮን ቁራጭ በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ መሞቅ ትጀምራለች። መልቲሜትሩ የመጀመሪያውን ቁጥር እስኪያሳይ ድረስ የሙቀቱ አንድ ክፍል ገብቷል፤ 2 ቮልት ላይ ያለው 18 ሚሊ አምፒርም ቢሆን ወደ 7 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት አለበት።

በጣም የምመክረው በቤዝና በኤሚተር መካከል ያለውን ቮልቴጅ በሌላ መልቲሜትር እየተከታተሉ እንዲለኩ ነው። የቤዝ ከረንቱ ባለበት ከቆየ ይህ ቮልቴጅ በየዲግሪው 2 ሚሊ ቮልት ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ምን ያህል እንደሞቀ ትራንዚስተሩ ራሱ ይነግርዎታል። በሽፋኑ ላይ ቴርሞሜትር ከማስጠጋት የበለጠ እምነት የሚጣልበት ነው፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚለካው በሚፈጠርበት አካባቢ ነው።

ንጹሕ መስመር ከፈለጉ ግን በፐልስ፣ ማለትም ከረንቱን ለአጭር ቅጽበት ብቻ እያበሩና እያጠፉ ይለኩ። በዳታ ሺቱ የማጉላት ሠንጠረዥ ግርጌ የፐልሱ ርዝመት ከ300 ማይክሮ ሰከንድ፣ ድርሻውም ከጠቅላላው ጊዜ 2 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ማስታወሻ ያገኛሉ። 230 ሚሊ ዋት በ2 በመቶ ሲባዛ አማካዩ 4.6 ሚሊ ዋት ብቻ ስለሚሆን የሽፋኑ ሙቀት ከአንድ ዲግሪ አያልፍም። የቤዙን ሬዚስተር ከሲግናል ጀነሬተር ጋር ያገናኙ፤ ጀነሬተሩ 10 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሬዚስተሩን ወደ 93 ኪሎ ኦም ገደማ ዝቅ ያድርጉት። በኤሚተሩና በግራውንድ መካከል 10 ኦም አስገብተው በእርሱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በኦሲሎስኮፕ፣ ብዙ ፐልሶችን አማካይ እያደረጉ ያንብቡ። ይህ የኤሚተር ከረንት ስለሆነ 0.1 ሚሊ አምፒሩን የቤዝ ከረንት መቀነስ አይርሱ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ጀነሬተሩ ከዜሮ ወደ ላይ ብቻ እንዲወጣ አስተካክሉት እንጂ ወደ ኔጌቲቭ 10 ቮልት እንዲወርድ አይፍቀዱ። የቤዝና የኤሚተር መጋጠሚያ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚችለው እስከ 6 ቮልት ነው፤ ከዚያ አልፎ ከረንት ካሳለፈ ትራንዚስተሩ ባይቃጠልም በተለይ በዝቅተኛ ከረንት ላይ ያለው ማጉላት እስከ መጨረሻው ሊቀንስ ይችላል።

መልስ 3

ቤዙን በትልቅ ሬዚስተር በኩል መመገብዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱንም ሌሎች አንባቢዎች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ቤዙ 0.7 ቮልት ገደማ በቀጥታ ቢሰጠው ኖሮ በሙቀቱ ምክንያት ከረንቱ በብዙ እጥፍ ያድግ ነበር፤ በክፍል ሙቀት 60 ሚሊ ቮልት ብቻ ከረንቱን አሥር እጥፍ ያደርገዋልና። የቤዝ ከረንቱን ለማንበብ በሚገባ የማይክሮ አምፒር መለኪያ ላይ የሚጠፋው 10 ሚሊ ቮልት እንኳ ንባቡን በሲሶ ያህል ሊያሳንሰው ይችል ነበር። በ100 ኪሎ ኦም በኩል ሲመገብ ግን የ90 ሚሊ ቮልት ለውጥ የቤዝ ከረንቱን አንድ በመቶ እንኳ አይነካውም።

ሌላው መታየት ያለበት፣ ይህ ትራንዚስተር እስከ 300 ሜጋ ኸርትዝ የሚሠራ በመሆኑ በብሬድቦርድና በረጃጅም ሽቦዎች ላይ ሳይታወቅ ራሱን በራሱ ሊያወዛውዝ መቻሉ ነው። እጅዎን ወደ ሽቦው ሲያስጠጉ ንባቡ ከዘለለ ምክንያቱ ሙቀት አይደለም፤ ከቤዙ እግር አጠገብ 100 ኦም፣ ከኮሌክተሩ ምግብ ወደ ግራውንድ ደግሞ 100 ናኖ ፋራድ ያስገቡ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ከረንት ስለካ በቤዝና በኤሚተር መካከል ያለው ቮልቴጅ 2 ቮልት ላይ ከነበረው 718 ሚሊ ቮልት፣ 10 ቮልት ላይ ሲረጋጋ ወደ 642 ወርዷል፤ 38 ዲግሪ ያህል ማለት ነው፤ በስሌት ከተገመተው 39 ጋርም ተቀራራቢ ነው። በፐልስ ስለካው ደግሞ 2 ቮልት ላይ 17.4፣ 10 ቮልት ላይ 18.7 ሚሊ አምፒር አገኘሁ፤ የኧርሊ ቮልቴጁም 105 ቮልት አካባቢ ወጣ። ቮልቴጁን ስጨምርም ስቀንስም መስመሮቹ አሁን ይገጥማሉ። በሪፖርቱ ላይ የቀደመውን መስመር ልተወው?

መልስ 1

አይተዉት። ሁለቱንም በአንድ ግራፍ ላይ ይሳሉና በእያንዳንዱ ላይ የመጋጠሚያውን ሙቀት ይጻፉ። የፐልሱ መስመር ለትራንዚስተሩ ሞዴል የሚያስፈልገውን መጠን ይሰጣል፤ የዘገየው መስመር ደግሞ ትራንዚስተሩ በሰርኪዩት ውስጥ 10 ቮልት ተሸክሞ ለሰዓታት ሲሠራ የሚያልፍበትን ከረንት ያሳያል። ከረንቱ ከተረጋጋ በኋላ የተነበበ መሆኑንም ከግራፉ ሥር ይግለጹ።