የመጀመሪያ ቀን፣ 9ኛ ክፍል ሒሳብ፣ 62 ተማሪ፦ 40 ደቂቃዋን በምን ልጀምር?

አዲስ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ሒሳብ ተመድቤያለሁ። በአንድ ክፍል 62 ተማሪ፣ ዴስኩ ለሦስት፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ልጆቹ 8ኛን የጨረሱት በተለያየ ትምህርት ቤት ስለሆነ እርስ በርስም አይተዋወቁም። ግማሹ ሰው «መጀመሪያ ቀን ፊትሽን ካላጠቆርሽ ዓመቱን ሙሉ አትይዣቸውም» ይለኛል፤ ግማሹ «ተዋወቂና ልቀቂያቸው»። በደቂቃ ከፋፍሎ የሚነግረኝ ካለ አመሰግናለሁ። የ62 ልጅ ስምስ እንዴት ይያዛል?

ጠመኔ በኪስ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። «ሁሉም እየተነሣ ራሱን ያስተዋውቅ» የሚለውን ከወዲሁ ሰርዢው። ለአንድ ልጅ 40 ሰከንድ ብትሰጪ 62ቱ ከ41 ደቂቃ በላይ ይፈጃሉ። ከአሥረኛው ልጅ በኋላ ደግሞ የሚያዳምጥ የለም።

ክፍሉ ባዶ ሳለ አስቀድመሽ ግቢ። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፊና መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ቀጥሎ መስኮቱ ጥግ ተቀምጠሽ አንብቢው። ብርሃን የሚያንጸባርቅበት ጎን ካለ እዚያ አትጻፊ። ከኋላ የማያይ ልጅ ወሬ ቢጀምር አይፈረድበትም። ሦስት አራት ጠመኔና እርጥብ ጨርቅ ያዢ፤ ዳስተር ፍለጋ ልጅ ሌላ ክፍል ከተላከ ጸጥታው አብሮት ይወጣል።

በእኛ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ተቀምጦ መምህሩ ስለሚዘዋወር፣ በር ላይ ቆሞ መቀበል የሚሆነው እምብዛም ነው። ስትገቢ ይነሣሉ። ሹክሹክታው እስኪበርድ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ሰላምታ ስጪ፣ አስቀምጪ። ጩኸትን በጩኸት ከጀመርሽ ነገም ከዚያው በላይ መጮህ ይጠበቅብሻል። ስምሽን፣ የትምህርቱን ዓይነትና በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደምትገናኙ ተናገሪ። እስከዚህ 5 ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ ወዲያው ሥራ። እያንዳንዱ ግማሽ ወረቀት አውጥቶ ሙሉ ስሙንና ክፍሉን ይጻፍ። «ማርክ የለውም፤ ከየት እንደምንጀምር ለማወቅ ነው» በያቸው፣ ቃልሽንም ጠብቂ። ጥያቄዎቹን ቤት ሳለሽ ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ብትለጥፊ ይሻላል፤ ለአምስት ደቂቃ ጀርባሽን ሰጥተሽ ስትጽፊ ክፍሉ ያመልጥሻል። እነዚህ አምስቱ 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል፦

1. 3/4 + 1/6
2. −7 − (−3)
3. 2x + 5 = 17 ከሆነ x ስንት ነው?
4. የ240 15 በመቶ
5. አንድ ደብተር 45 ብር ቢሆን በ400 ብር ስንት ደብተር ይገዛል? ስንት ብር ይተርፋል?

መልሱ ትክክል ከመሆኑ ይልቅ ስሕተቱ ብዙ ይነግርሻል። በ1ኛው 4/10 የጻፈ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮታል፤ የክፍልፋይ ትርጉም አልያዘውም። በ2ኛው −10 ያለ ሁለተኛዋን የመቀነስ ምልክት ዘሏታል። 3ኛውን ሠርቶ 5ኛውን ባዶ የተወ ደግሞ ሒሳቡ ሳይሆን ንባቡ ሊሆን ይችላል የከበደው። 9ኛ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ይህን በጊዜ ማወቅ ይጠቅማል።

በቀሩት 20 ደቂቃዎች ወረቀቱን ሰብስቢና ከአምስቱ አንዷን ብቻ ሰሌዳው ላይ በደንብ ሥሪ። የመጀመሪያዋን እመርጣለሁ። ከ3/4 ጀምረሽ 9/12፣ ከ1/6 ደግሞ 2/12 እስክትደርሺ ደረጃ በደረጃ እያስጠየቅሽ ሂጂ፤ 11/12 ላይ ስትደርሺ «ይቺ መምህርት ታስረዳለች» ብለው ይወጣሉ።

ባለ ሮስተር

ስምን በተመለከተ፦ የመቀመጫ ካርታ ሥሪ። 62 ልጅ በሦስት ሦስት 21 ዴስክ ነው። ልጆቹ ሲጽፉ እየዞርሽ ከየወረቀቱ ስሙን እያየሽ ደብተርሽ ላይ በየሣጥኑ ሙዪ። በእርሳስ ይሁን፤ በተለይ ገጠር ላይ ብዙ ልጅ ከመስቀል በኋላ ነው የሚገባው፣ ሴክሽን የሚቀይርም አለ። ለሁለት ሳምንት ቦታ እንዳይለዋወጡ አድርጊ። የማየትና የመስማት ችግር ያለበትን ፊት አምጪ፤ ግን በክፍሉ ፊት አትጠይቂ፣ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ይጻፉልሽ።

አንድ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ልጨምር። የስም ዝርዝሩ በላቲን ከመጣ የቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ አጻጻፍ ሊኖርበት ይችላል። በቁቤ «ሲ» ብቻዋን ስትሆን ጨ ናት፣ «ኤክስ» ጠ ናት። ጫልቱን «ካልቱ» ብለሽ ብትጠሪያት ክፍሉ ይስቃል፣ ልጅቷም ከዚያ በኋላ እጇን አታወጣም። ከመግባትሽ በፊት የሚያጠራጥርሽን ስም የሚያውቅ ባልደረባ ጠይቂ።

የዩኒቱ ሰው

ከላይ ባለው እስማማለሁ። የክፍል ሕግን 15 ነጥብ አድርገሽ አታስጽፊ፤ የማታስከብሪው ሕግ ሌላውንም ይዞት ይወድቃል። ሦስት ይበቃሉ፦ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሁልጊዜ ይኖራል፣ በሌላው ስሕተት አይሳቅም። ሦስተኛዋን በዚያው ቀን፣ መጀመሪያ የሳቀው ልጅ ላይ አስከብሪ፤ ሳትቆጪ፣ ግን ሳታልፊ።

«ስንተኛ ወጣህ?»፣ «ደጋሚ ማነው?»፣ «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አይጠየቅም። ደጋሚው በመጀመሪያው ቀን ከተለየ ዓመቱን ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ነው።

አዲስ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክፍል አለቃስ ያኔውኑ ልምረጥ?

የዩኒቱ ሰው

ቆዩ በያቸው። የክፍል ኃላፊው መምህር ሌላ ካላለ፣ ሁለት ሳምንት ይለፍ። ሳይተዋወቁ የሚመረጠው ድምፁ ጎላ ያለው ነው። የረባሽ ስም እየጻፈ እንዲያመጣም አታድርጊ፤ የተጣላውን ይጽፋል፣ ጓደኛውን ይደብቃል።

ጠመኔ በኪስ

ወረቀቶቹን ማታ በሦስት ክምር ለዪ፦ አራትና አምስት ያገኘ፣ ሁለትና ሦስት ያገኘ፣ ከዚያ በታች። ነጥብ አትጻፊባቸው፤ የሳተበት ቦታ ላይ ብቻ ቀለል ያለ ምልክት አድርጊ። በማግስቱ ስም እየጠራሽ በየእጃቸው መልሺ። ስም ጥሪውም በዚያው ያልቃል፤ እጅሽ ላይ የቀረው ወረቀት የቀሪዎቹ ነው። ለዘገዩት ደግሞ ያንኑ ጥያቄ አስቀምጪላቸው፣ በገቡበት ቀን እንዲሠሩት።