«ኤስፖዚቶ»፦ የተጣለ ወይስ የተቀመጠ?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ከተቸከልኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንድ ቤተሰብ የአያታቸውን ደብዳቤ ከጣሊያንኛ እንድመልስላቸው ሰጥተውኛል። ሰውዬው የናፖሊ ሰው፣ መካኒክ፣ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ አብረው ሳይወጡ አዲስ አበባ የቀሩ ናቸው። ስለ ቤተሰብ ስማቸው፣ ስለ «ኤስፖዚቶ»፣ ሲያስረዱ «ኢል ኖኖ ዲ ሚዮ ኖኖ ፉ ኤስፖስቶ አላ ኑንዚያታ» ይላሉ። የአያቴ አያት በኑንዚያታ... ምን ሆነ? «ተጥሎ የተገኘ ነው» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ደብዳቤውን የሚያነቡት ለልጃቸው ነው፣ ዕድሜዋ ለገፋ እናት፤ ስሙን እስከ ዛሬ የተሸከመችው እሷ ናት። የማስረክበው ሐሙስ ነው፤ እባካችሁ።

ላቲን ወዳጅ፦
እህቴ፣ ኤስፖዚቶ ከላቲኑ «ኤክስፖዚቱስ» የመጣ ነው። «ኤክስ» ውጭ፣ «ፖኔሬ» ማኖር፣ ማስቀመጥ። ኑንዚያታ ያሉት የናፖሊውን የሳንቲሲማ አኑንዚያታን ቤት ነው፤ በእኛ አነጋገር የብሥራት ቤት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተያያዘ ሕፃናት ማሳደጊያ ነበረው። በግድግዳው ላይ «ሩዎታ» የሚሉት፣ በዘንጉ ላይ የሚዞር ከእንጨት የተሠራ ነገር አለ። ማሳደግ ያልቻለ ሰው ሕፃኑን ከውጭ ያስገባል፣ ያዞረዋል፣ ደወል ይደውላል፤ ከውስጥ ያለችው ሴት ትቀበላለች። ማን እንዳመጣው ማንም አያይም። ሩዎታው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ስሙ ግን ቀደም ብሎ ነው የቆመው፦ የናፖሊ ንጉሥ የነበረው ሙራት በ1810ዎቹ ተገኝተው ለሚመጡ ልጆች «ኤስፖዚቶ» ማለትን ከለከለ፤ ልጁን ዕድሜ ልኩን የሚጠቁም ስም ነው ተብሎ። ደብዳቤ ጸሐፊው መቼ ተወለዱ?

ተርጓሚዋ፦
እ.ኤ.አ. በ1909።

ላቲን ወዳጅ፦
እንግዲያው ልክ ይመጣል። አራት ትውልድ ወደ ኋላ ብትቆጥሪ 1790ዎቹ ወይም የ1800 መባቻ ላይ ትወድቂያለሽ፤ ከክልከላው በፊት። ሽማግሌው የሚሉትን ያውቃሉ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ነገሩ እኮ ግልጽ ነው፤ በግእዝ «ግዱፍ» ነው። ገደፈ፣ ጣለ። ዛሬም ጾም ገደፈ፣ ፊደል ገደፈ እንላለን። «ጉዲፈቻ»ም ከዚሁ ነው የወጣው፤ ግዱፍ የሆነውን ማንሣት።

የጅማው፦
ወንድሜ፣ ይሄን ጨዋታ ተወው። ጉዲፈቻ የኦሮምኛ ቃል ነው። ጉዲሱ ማሳደግ፣ ጉዲፈቹ ለራስ ብሎ ማሳደግ፤ «ፈ» የመጣችው ከዚያ እንጂ ከገደፈ አይደለም። ቤታችን ውስጥ በጉዲፈቻ ያደገች ታላቅ እህት አለችኝ። ወንድም ጋሼ ሁሉ «የእናቴ ልጅ» ነው የሚላት። ቃሉ ውስጥ መጣል የሚባል ነገር የለም። ልጅ መውሰድ ነው፣ ማሳደግ ነው፣ በቃ።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሺ፣ ጉዲፈቻን ወሰድክ። ግዱፍ ግን ይቆያል። በሐዋርያት ሥራ 7፥21 እስጢፋኖስ ስለ ሙሴ ሲናገር ተጣለ ነው የሚለው፤ የፈርዖን ልጅም አነሣችው።

ላቲን ወዳጅ፦
እዚያ ላይ የላቲኑ መጽሐፍ «ኤክስፖዚቶ አውተም ኢሎ» ይላል። ስሙ ቃል በቃል አለ። ስለዚህ የእኛ ተርጓሚዎች ይህንኑ ቃል ከግሪኩ ሲመልሱት «ተጣለ» ብለውታል። ተርጓሚዋ እነሱን ብትከተል የሚወቅሳት የለም።

የኔታ ዘጎጃም፦
ልጆቼ፣ ቀስ በሉ። መጽሐፍ ቤት 11 ዓመት ቁጭ ያልኩት ለዚህ ቀን ነውና ስሙኝ። እስጢፋኖስን ጠቀሳችሁ፤ ኦሪቱን ግን አልገለጣችሁም። በዘፀአት ምዕራፍ 2 እናቲቱ ሣጥኑን ዝፍትና ቅጥራን ለቀለቀችው፤ ሕፃኑን በውስጡ አኖረችው፤ በቄጠማው መካከል አስቀመጠችው። እኅቱም የሚሆነውን ለማየት በሩቅ ቆመች። መጣል ይሄ ነው? ዝፍት ለቅልቆ የሚጥል አለ? ያው ሕፃን፣ ያው ወንዝ፤ እናቲቱን እያየ የተጻፈው «አኖረች» አለ፣ በሸንጎ ፊት በከሳሽ አንደበት የተነገረው «ተጣለ» አለ። እስጢፋኖስ የከሰሰው ፈርዖንን ነው፤ የጣለው ፈርዖን ነውና።

በግእዝ የምትፈልጉት ቃል አንበረ ነው። ነበረ ተቀመጠ፣ አንበረ አስቀመጠ፣ ንቡር የተቀመጠ። የአክሱሙን ንቡረ እድ ታውቃላችሁ፤ እጅ የተጫነበት ማለት ነው። «ኤክስ» አፍአ ከሆነ፣ «ፖኔሬ» አንበረ ከሆነ፣ ኤስፖዚቶ «ንቡረ አፍአ» ነው። ደጅ የተቀመጠ።

ፊደል ቆጣሪ፦
የኔታ፣ በረከትዎ ይድረሰን፤ ግን «ንቡረ አፍአ» ብላ ብታስረክብ ቤተሰቡ የአክሱም ሹመት ያገኙ ይመስላቸዋል።

የኔታ ዘጎጃም፦
ሹመት ቢመስላቸው ምን ይጎድላቸዋል?

ላቲን ወዳጅ፦
የኔታ አሸነፉኝ፤ እንዲያውም አንድ ማስረጃ ልጨምርላቸው። ሮማ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ሌላ ስም ነበራት፦ «ፕሮዬቲ»። እሱ ከላቲኑ «ፕሮዬክቱስ» ነው፤ የተወረወረ፣ የተጣለ። ዛሬም በሮማና በዙሪያዋ ፕሮዬቲ የሚባል ቤተሰብ ብዙ ነው። ሮማ ተጣለ አለች፤ ናፖሊ ተቀመጠ አለች። ተርጓሚዋ ኤስፖዚቶን «የተጣለ» ካለችው ነገ ፕሮዬቲ ሲመጣባት ምን ልትለው ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ይቺን አላውቅም ነበር። ግዱፍን ለፕሮዬቲ ሰጠሁ።

ባዳንቴ ከናፖሊ፦
ሰላም። እኔ ግእዝም ላቲንም አልተማርኩም፤ ናፖሊ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አሮጊት እጠብቃለሁ። የምኖርበት ሕንጻ በር ላይ ደወሎቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ኤስፖዚቶ የሚል ሦስት ቦታ አለ፤ አንዱ በብዕር፣ አንዱ በታይፕ፣ አንዱ ናስ ላይ ተቀርጾ። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ወንድማማቾች መስለውኝ የአንዱን ደብዳቤ ለሌላው ሰጥቼ ተቆጡኝ። አይዛመዱም። እዚህ ከተማ ከስም ሁሉ የሚበዛው እሱ ነው።

የምጠብቃት ሲኞራ እናቷ ኤስፖዚቶ ነበረች። አንድ ቀን «ይሄ ስም አያሳፍርም ወይ?» አልኳት፤ ስንት ጊዜ ሲቀለድበት ሰምቼ ነበርና። አየችኝና «እኛ የማዶና ልጆች ነን» አለችኝ። በኑንዚያታ ያደጉትን እንደዚያ ነው የሚሏቸው፤ የእመቤታችን ልጆች። በሳምንቱ እሁድ አብረን ሄድን። ሩዎታው አሁንም አለ። ግድግዳው ውስጥ የገባ በርሜል የመሰለ እንጨት ነው፤ በውስጥ በኩል ሕፃናቱን ያጥቡበት የነበረ ገንዳ አለ። ሲኞራ እንጨቱን ዳሰሰችው፣ ምንም አላለችም። ተርጓሚዋ፣ እባክሽ «ተጥሎ» አትበዪ።

ተርጓሚዋ፦
እታለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንብቤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አሁን «የተጣለ» ወጥቷል።

የጅማው፦
ከናፖሊ ውጭስ? በመላ ጣሊያን ያን ያህል ይበዛል?

ላቲን ወዳጅ፦
ይበዛል። ሮሲ፣ ሩሶ፣ ፌራሪ፣ ከዚያ ኤስፖዚቶ ወይም እሱን የሚፎካከር። ሮሲም ሩሶም «ቀዩ» ማለት ነው፣ ፌራሪ ብረት ቀጥቃጩ። ከነዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ደጅ የተቀመጠው ነው። ደጅ የተቀመጠ ሁሉ ዘሩ የተለያየ ስለሆነ፣ አንድ ቤት ተባዝቶ አይደለም እዚህ የደረሰው፤ ብዙ ቤት በአንድ ስም ስለተጀመረ ነው። በ1889 ለንግሥት ማርጌሪታ ፒዛ ጋገረ የሚባለው ሰው ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ ነው። ከስደተኞቹ ጋር ደግሞ ባሕር ተሻግሯል፤ የሆሊውዱ ጃንካርሎ ኤስፖዚቶ አባቱ የናፖሊ ሰው ነበር።

ፊደል ቆጣሪ፦
ፍሎረንስስ ምን ትል ነበር?

ላቲን ወዳጅ፦
«ኢኖቼንቲ»። የዋሃን፣ ንጹሓን። ብሩኔለስኪ የነደፈው ማሳደጊያ በ1445 ነው ልጅ መቀበል የጀመረው። የመጀመሪያዋ ሕፃን የመጣችው በቅድስት አጋታ ዕለት ስለነበር አጋታ አሏት።

የኔታ ዘጎጃም፦
ኢኖቼንቲ ያላችኋቸው ሄሮድስ ያስገደላቸው ሕፃናት ናቸው። 14 እልፍ ከ4 ሺህ፤ በዓላቸው ጥር 3። ልጅቱንም በዕለቱ ቅድስት መሰየማቸው መልካም ነው፤ እኛም በ12 የተወለደውን ገብረ ሚካኤል እንላለን። ሙሴንም ያነሣችው ናት የሰየመችው፤ «ከውኃ አውጥቼዋለሁና» ብላ። እሷ የሰጠችው ስም መውጣቱን ይናገራል። ኤስፖዚቶ ግን መግባቱን ሳይሆን ደጅ መቀመጡን ይዞ ቀረ። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ተርጓሚዋ፦
የኔታ፣ እኔን ደግሞ ሰዋስው ያዘኝ። «ደጅ የተኖረ» ልል ነበር፤ አይሆንም፤ ተኖረ ሌላ ነው፣ ኑሮ ነው። «የተቀመጠ» ብል ሕፃኑ በራሱ ፈቃድ ሄዶ ቁጭ ያለ ይመስላል። «እናቱ ደጅ ያኖረችው» ብል ያምራል፤ ግን ጣሊያንኛው ውስጥ እናት የለችም። ሽማግሌው አልጻፏትም።

የኔታ ዘጎጃም፦
ያልተጻፈ አትጨምሪ፣ ልጄ።

ባዳንቴ ከናፖሊ፦
ደወሉን የደወለ ሰው ግን ነበረ።

የጅማው፦
አባት ሊሆን ይችላል፣ አያት ሊሆን ይችላል፣ አዋላጅ ልትሆን ትችላለች። እናት ናት ያለው ማነው?

የኔታ ዘጎጃም፦
እንግዲያው «ያኖሩት» በዪ። አማርኛ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ «ገደሉት»፣ «ሾሙት» ይላል፤ እነማን ቢሉ መልስ የለም። «የአያቴ አያት በኑንዚያታ ደጅ ያኖሩት ልጅ ነበር»። ድርጊቱ አለ፣ ሰው አለ፣ ስም የለም። እንደ ሩዎታው።

ፊደል ቆጣሪ፦
የኔታ፣ «ደጅ» ላይ ግን አልስማማም። ሩዎታው በግድግዳው መሐል ነው፤ ደጅም ውስጥም አይደለም። ለግርጌ ማስታወሻውም ሩዎታን ምን ልትለው ነው? ቃል በቃል መልሳ መንኮራኩር ካለችው ጠፈር ላይ የሚሄደው ነው የሚመጣብን።

የኔታ ዘጎጃም፦
መንኮራኩር የሕዝቅኤል ነው፤ ጠፈሩ በኋላ የተዋሰው ነው።

ተርጓሚዋ፦
«ያኖሩት»ን ጽፌዋለሁ፤ ጮክ ብዬ አንብቤ አልጎረበጠኝም። «ደጅ»ን በእርሳስ ነው የጻፍኩት። እስከ ሐሙስ ሩዎታ ላይ ተከራከሩልኝ።