ፓኬት ሪንግ፦ ሲቀበል ይጥላል፣ ሲልክ ደግሞ ተቀባዩ ጋ አይደርስም

ዝምተኛ_ሶኬት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ላይ በሲ የምጽፈው የትራፊክ መከታተያ አለ። በሬክቭፍሮም (ከሶኬት መቀበያ ጥሪ) ፓኬት በፓኬት ስቀበል ሲፒዩው በሲስተም ኮል ብቻ ስለተጨናነቀ ወደ ፓኬት ኤምማፕ ዞርኩ፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) እና ፕሮግራሙ ፓኬት የሚለዋወጡበት የጋራ ማህደረ ትውስታ ነው፣ ሪንግ የሚባለው። ቲፓኬት 2 (የሪንጉ አሠራር ሁለተኛ ስሪት)፣ ብሎክ 4096 ባይት፣ ፍሬም (የአንድ ፓኬት ማስቀመጫ) 2048 ባይት፣ ብሎኮቹ 64 ናቸው። ሲፒዩው ተንፍሷል፤ ግን የ1 ጊጋቢቱ መስመር ሲሞላ ፓኬት ይጥላል፣ አንዳንዱም ተቆርጦ ይመጣል። አሠራሬ እንዲህ ነው፦ ከሪንጉ አነባለሁ፣ ፋይል ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ፍሬሙን ለከርነሉ እመልሳለሁ።

መላኪያው የባሰ ነው። ቲኤክስ ሪንጉን (የመላኪያውን ሪንግ) ሞልቼ ሴንድ ስጠራ ስህተት አይመልስም፣ የኢንተርፌሱ ቆጣሪም ይጨምራል። ተቀባዩ ማሽን ላይ ግን ምንም የለም። ዳታውን የማስቀምጠው ከቲፓኬት2_ኤችዲአርሌን (የፍሬሙ ራስጌ ርዝመት) ጀምሮ ነው።

ቀላሉ_መንገድ፦
ለምን በሊብፒካፕ (በፓኬት መያዣው ላይብረሪ) አትገላገልም? ሊኑክስ ላይ ሪንጉን ራሱ ነው የሚጠቀመው።

ብሎክ_ቆጣሪ፦
ለመቀበያው እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ከዚያ ማለፍ አያስፈልገውም። ለመላክ ግን የሊብፒካፕ መላኪያ ፒካፕ_ኢንጀክት ለእያንዳንዱ ፓኬት ሴንድ ይጠራል እንጂ ቲኤክስ ሪንግ አይነካም። ጠያቂው ሁለቱንም ስለሚፈልግ እንቀጥል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። በአንድ ብሎክ 2 ፍሬም፣ በ64 ብሎክ 128 ፍሬም አለህ። 1 ጊጋቢት መስመር ላይ ሙሉ መጠን ያላቸው የኢተርኔት ፍሬሞች በሰከንድ 81 ሺህ ገደማ ይመጣሉ። ስለዚህ ሪንግህ የሚይዘው የ1.6 ሚሊሰከንድ ትራፊክ ብቻ ነው። ፓኬቶቹ ትንንሽ ባለ 64 ባይት ከሆኑማ በሰከንድ 1.48 ሚሊዮን ድረስ ስለሚሄዱ ከ0.1 ሚሊሰከንድ በታች ይሞላል። አንተ ደግሞ ፍሬሙን ይዘህ ዲስክ ትጠብቃለህ። ዲስኩ አንዴ ካመነታ ከርነሉ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ያጣል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ብሎኩን 1 ሜጋባይት አድርገው፣ 64 ብሎክ ይሁን። 64 ሜጋባይት ማለት መስመሩ ሙሉ መጠን ባላቸው ፍሬሞች ቢሞላ እንኳ የ0.4 ሰከንድ ያህል መተንፈሻ ነው። ፋይል መጻፉን ለሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን ለሚሠራ የፕሮግራሙ ክፍል) ስጠው። ሪንጉን የሚያነበው ትሬድ ኮፒ አድርጎ ወዲያው ስታተሱን (ፍሬሙ የማን እንደሆነ የሚያሳየውን ምልክት) ወደ 0 ይመልስ፤ 0 የከርነሉ፣ 1 የአንተ ነው። ስታተሱን ስታነብ በአኳየር፣ ስትመልስ በሪሊስ ይሁን፤ እነዚህ የንባብና የጽሕፈት ቅደም ተከተል እንዳይዛባ ይጠብቃሉ። ኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ ያለዚህ ሠርቶ አርም ላይ የሚበላሽ ኮድ ሞልቷል።

የተቆረጠው ነገር ጂአርኦ ይመስለኛል። ከርነሉ የቲሲፒ ቁርጥራጮችን አጣብቆ እስከ 64 ኪሎባይት ያደርሳቸዋል፤ 2048 ባይት ፍሬም ውስጥ አይገቡም። ስናፕሌን (የተያዘው ርዝመት) ከሌን (ከፓኬቱ ሙሉ ርዝመት) ካነሰ ተቆርጧል ማለት ነው። በኢዝቱል (በኔትወርክ ካርድ ማስተካከያው ትእዛዝ) ጂአርኦን ዝጋ፣ ወይም ወደ ቲፓኬት 3 እለፍ። እሱ ፓኬቶቹን ብሎክ ውስጥ በየመጠናቸው ይደረድራቸዋል፣ ፖልም (ዳታ እስኪመጣ የሚጠብቀው ጥሪ) የሚቀሰቅስህ በየብሎኩ እንጂ በየፓኬቱ አይደለም።

የጠፋውን የምትቆጥረው በፓኬት_ስታቲስቲክስ ከሆነ፣ በተነበበ ቁጥር ወደ 0 ስለሚመለስ ራስህ እየደመርክ ያዝ። ጠቅላላው ቁጥር የተጣሉትንም ይጨምራል፤ ደርበህ እንዳትደምራቸው።

አሁን መላኪያው። ከኤችዲአርሌን ላይ የሶክአድር_ኤልኤል (የአድራሻ መዋቅሩ) መጠን መቀነስ አለበት። በቲፓኬት 2 ኤችዲአርሌን 52 ነው፤ 20 ሲቀነስ ዳታው ከ32ኛው ባይት ይጀምራል። አንተ ከ52 ስትጀምር ከርነሉ 20 ዜሮ ባይት አስቀድሞ ይልካል፣ የፓኬትህም የመጨረሻ 20 ባይት ይቀራል። የመድረሻው ማክ አድራሻ ሁሉም ዜሮ ስለሚሆን የተቀባዩ ካርድ የእኔ አይደለም ብሎ ይጥለዋል። ቆጣሪህ የሚጨምረውም ለዚህ ነው፤ ፓኬቱ በእርግጥ ወጥቷል። በላኪው ማሽን ላይ ቲሲፒደምፕ (የፓኬት ማሳያ መሣሪያ) ክፈትና ዜሮዎቹን እያቸው።

ደግሞ ለእያንዳንዱ ፍሬም ሴንድ አትጥራ፤ እንደዚያ ከሆነ ሪንጉ ለምን አስፈለገ? ብዙ ፍሬም ሙላ፣ ስታተሳቸውን ሴንድ_ሪኩዌስት አድርግ፣ ከዚያ አንድ ሴንድ ይበቃል። ለመላኪያ ብቻ የከፈትከው ሶኬት ፕሮቶኮሉ 0 ይሁን፤ አለዚያ የማትፈልገው ትራፊክ ሁሉ እየተቀዳ ይገባበታል።

ዝምተኛ_ሶኬት፦
32 ሳደርገው ተቀባዩ ማሽን ላይ ታየ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! መቀበያውንም ወደ ቲፓኬት 3 ቀየርኩ፣ መጣሉ ቆሟል። ግን ትራፊኩ ቀዝቀዝ ሲል ፓኬቶቹ ዘግይተው ይደርሱኛል። ይህ የሪንጉ ጠባይ ነው?

ብሎክ_ቆጣሪ፦
አዎ፣ የብሎክ ዋጋው እሱ ነው። 1 ሜጋባይቱ እስኪሞላ ወይም የብሎኩ ጊዜ እስኪያልፍ ከርነሉ አያስረክብህም። ጊዜውን የምትወስነው ሪንጉን ስታዘጋጅ ነው፦ ቲፒ_ሪታየር_ብልክ_ቶቭ፣ በሚሊሰከንድ። 0 ከተውከው ከርነሉ ከመስመሩ ፍጥነት ተነስቶ ራሱ ያሰላል። 10 አድርገህ ጀምር፤ ለፋይል መዝገብ ከዚያ በታች መውረድ ትርፉ በከንቱ መቀስቀስ ነው። ለእያንዳንዱ ፓኬት ፈጣን ምላሽ የሚሰጥ ፕሮግራም ከሆነ ግን ቲፓኬት 2 ላይ ቆይ፣ ፍሬሙን አሳድገው።