ባሕር ዳር 22 ሺህ ወይስ አዲስ አበባ 30 ሺህ? እጅ ላይ የሚቀረውን አስሉልኝ

የአባይ ማዶዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከፖሊ በኤሌክትሪካል ተመርቄ እዚሁ ባሕር ዳር ለአንድ ተቋራጭ ነው የምሠራው። ፓኔል ማሰር፣ ትራንስፎርመር ማስተከል፣ ሲመጣ ደግሞ ሳይት ማደር። ደሞዜ ግሮስ፣ ማለትም ምንም ሳይቆረጥ፣ 22 ሺህ ነው። አሁን ከአዲስ አበባ በ30 ሺህ ነይ ተብያለሁ። ቤተሰብ «8 ሺህ ጭማሪ ይተዋል እንዴ?» እያለ ወጥሮ ይዞኛል። እዚህ በ4 ሺህ ብር ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ሥራ ለመግባትም አንድ ባጃጅ ይበቃኛል። ኮስት ሼሪንጌን (የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳዬን) ገና ከፍዬ አልጨረስኩም። እስቲ የምታውቁ፣ በትክክል እጄ የሚገባው ስንት ነው?

ሪሌይ፦
እህቴ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ የሚያስደስት ግን አይደለም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው ሁሉ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። አቋራጩ፦ ደሞዙን በ35 በመቶ አባዢና 2,050 ቀንሺለት። የ22 ሺህ ግብር 5,650፣ 7 በመቶ ጡረታው 1,540፣ የሚደርስሽ 14,810። የ30 ሺህ ግብሩ 8,450፣ ጡረታው 2,100፣ የሚደርስሽ 19,450። ያ 8 ሺህ የተባለው 4,640 ሆነ ማለት ነው። ኮስት ሼሪንግ 10 በመቶ ሲነሳበት ደግሞ 3,840። በዚህ ልዩነት አያት ወይ ሰሚት ለብቻሽ የምትኖሪበት ቤት ካገኘሽ ለእኔም ደውዪልኝ።
በነገራችን ላይ ግብሩ ተሻሻለ ተብሎ ያ ሁሉ ሲወራ ለእንደኛ ዓይነቱ ደሞዝተኛ የተረፈው በወር 550 ብር ነው። ከ14 ሺህ በላይ 22 ሺህም አገኘሽ 50 ሺህ ያው 550።

ሸገር የገባው፦
ሪሌይ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን የዛሬን ብቻ ነው ያየኸው። እኔም ከባሕር ዳር ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቤት ተጋርተን ነበር፣ ኪራዩ በዚያ ተቻለ። ቁም ነገሩ ሥራው ነው። እዚህ የሰብስቴሽን ፕሮቴክሽን፣ የዳታ ሴንተር፣ የፋብሪካ አውቶሜሽን ሥራ ይገኛል፣ ሲቪሽ ይከብዳል፣ ቀጣዩ ቀጣሪ 30 ሺህ ብሎ አይጀምርሽም። እዛ ግን እስከ መቼ ፓኔል ስታስሪ ልትኖሪ ነው?

ቼንጅኦቨር፦
«እዛ» ምን ሆነ ደግሞ 😀 የሐይቁ ዳር ሆቴል ሁሉ ጄኔሬተር አለው፣ ከመብራት ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው ቼንጅኦቨር ሲበላሽ ማንን የሚጠሩ ይመስልሃል? እኔ ደሞዜ ከእሷም ያንሳል፣ ግን ቅዳሜና እሁድ በማገኛት የቤት ዲዛይንና የሶላር ሥራ ነው የምተነፍሰው። ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ካላወጣሽ ቶሎ አውጪ፣ ያለሱ ሥራውን ሠርተሽ ስሙም ብሩም የሌላ ሰው ይሆናል።
ሌላው ደግሞ ከአሁኑ አለቃሽ ጋር ተነጋገሪ። ደሞዝ ላይ 2 ሺህ ቢጨምርልሽ ከግብርና ከጡረታ በኋላ 1,160 ነው የምታገኚው። ያንኑ በትራንስፖርት አበል ቢሰጥሽ ግን እስከተፈቀደው ጣሪያ ድረስ ግብር የለበትም፣ ጡረታም አይቆረጥበትም። ሳይት ስታድሪ የውሎ አበል ይከፍሉሻል ወይስ «ምሳ በልተሻል» ብለው ያልፉሻል?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ላይ ሠርቼ በጡረታ የወጣሁ ነኝ። አበሉን አልጠላም፣ ግን መነሻ ደሞዝሽን፣ አበል ያልተደመረበትን ማለቴ ነው፣ አታሳንሺ። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ መነሻ ደሞዝ ነው። ከግል ድርጅት ስትለቂ የስንብት ክፍያም ቢኖርሽ የሚሰላው በደሞዝ ነው። ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ፣ በሌሊት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ የሚባለው በደሞዝሽ ተባዝቶ ነው። ቀጣሪው ለጡረታሽ የሚያዋጣው 11 በመቶም ከደሞዝሽ ጋር ነው ከፍና ዝቅ የሚለው። አሁን ወጣት ነሽና አይታይሽም።

ሪሌይ፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን የቤት ኪራይ የሚከፈለው ዘንድሮ ነው።

የአባይ ማዶዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎንም በተለይ። የውሎ አበል ይከፍሉኛል፣ ግን ሁልጊዜ በጭቅጭቅ ነው። አዲስ አበባ ደውዬ 30 ሺው መነሻ ደሞዝ ነው ወይስ ሁሉም ተደማምሮ ብዬ ስጠይቅ «ጠቅላላ ነው» አሉኝ፣ መነሻው 24 ሺህ ነው ለካ። የቀረውን የቤት አበል ብለውታል። ሪሌይ፣ የቤት አበል ግብር አለበት አይደል?

ሪሌይ፦
አለበት። ጡረታው ብቻ ነው በ24 ሺህ የሚሰላው፣ 1,680። እጅሽ የሚገባው 19,870፣ ትንሽ ይሻላል። የጋሼን ነገር ግን አስቢበት። እኔ ብሆን 28 ሺህ መነሻ ካላደረጉት አልሄድም ነበር።