የአባቴን መሲንቆ የበላው ምንድን ነው?

የኮተቤው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካረፈ 3 ዓመቱ ነው። መሲንቆው እስከ ትናንት በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ሳወርደው የደጋኑ ጭራ ግማሹ ተበጥሷል፤ ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። የፍየል ቆዳው ጠርዙ ላይ ተበልቷል። እዚያው ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ ቡናማ፣ ፀጉራም ትል አገኘሁ። አንገቱ ላይ ደግሞ 3 ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ፍሊት ልንፋበት? ወይስ ፀሐይ ላይ ላስጣው? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ዋንዛ፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ። ፍሊቱን ተወው፤ ቆዳውን ያበላሸዋል። ጠራራ ፀሐይም አይሆንም። የእኔ ከበሮ እንደዚያ ደርቆ ነው የተሰነጠቀው።

የገጠመህ አንድ ነገር አይደለም። ፀጉራሙ ትል ሲያድግ ጢንዚዛ ነው የሚሆነው። ጭራና ቆዳ ይበላል። ጨለማና የማይነካ ዕቃ ይወዳል፤ በየቀኑ የሚመታ መሲንቆ ላይ እምብዛም አታገኘውም። የአንገቱ ቀዳዳ ግን የነቀዝ ነው። ነቀዙ አሁንም መኖሩን ለማወቅ መሲንቆውን በደንብ አራግፈህ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኛው። አዲስ ዱቄት ከወረደ አለ ማለት ነው።

ደጋኑን በላስቲክ ጥብቅ አድርገህ ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ 2 ሳምንት። ስታወጣው ላስቲኩን ቶሎ አትፍታ፤ አንድ ቀን ይቆይ። አለዚያ እንጨቱ ላይ ውሃ ይቋጥራል።

የበገናዋ እናት፦
ልጄ፣ እኔንም በበገናዬ ደርሶብኛል። 10ሩም አውታር የበግ አንጀት ነው። ከፋሲካ በኋላ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፤ በዓመቱ ለዓቢይ ፆም ስፈታው 4ቱ ተበልተዋል። አለቀስኩ። አሁን ብርሃን ያለበት ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው። ቅዳሜ ቅዳሜ በደረቅ ብሩሽ ሥርና ጠርዙን እጠርጋለሁ፤ የሱፍ ምንጣፉንም ደጅ አውጥቼ አራግፋለሁ፣ ትሉ እዚያም ይራባልና። ናፍታሊን አጠገቡ አታድርግ። ሽታው ቆዳው ውስጥ ይቀራል።

የኮተቤው፦
እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ዋንዛም ተባረክ። ወረቀቱን ዛሬ በ9ኛው ቀን አየሁት። ከአንደኛው ቀዳዳ ሥር ቁንጥር የምታህል ነጣ ያለች ዱቄት ወርዳለች። ደጋኑ ፍሪዘር ገብቷል። መሲንቆው ግን አንገቱ ረጅም ስለሆነ አይገባም።

ዋንዛ፦
እንግዲያው ነቀዙ አለ። የምታውቀው ሥጋ ቤት የለም? የእነሱ ትልቁ ፍሪዘር ይበቃዋል። መጀመሪያ አውታሩን አላላው፤ ብርዱ ቆዳውን እንዳይወጥረው። ከዚያ በሁለት ላስቲክ ጠቅልለው፣ አየሩን አስወጣ። የደጋኑን ጭራ ግን አዲስ አስገባለት፤ የተበላው አይድንም።

የኮተቤው፦
የሰፈራችንን ባለ ሥጋ ቤት ጠየቅኩት። አባቴን ያውቀው ነበር። «ፍልሰታ ሲገባ ፍሪዘሩ ባዶ ነው፤ ሳላጠፋ 15ቱንም ቀን ላቆይልህ» አለኝ። የተበጠሰውን ጭራ አልጣልኩትም፤ በወረቀት ጠቅልዬ ከደጋኑ ጋር ፍሪዘር ከተትኩት።