ከሚድዋይፍነት ወደ አራስ እናቶች የአእምሮ ጤና መግባት ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?

ሚድዋይፏ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሚድዋይፍ ነኝ፣ 6 ዓመቴ። ያዋለድኳት ልጅ ባለፈው ሳምንት ለ45 ቀን ክትባት መጣች፣ ህፃኑ ሸጋ ነው ኪሎውም ጨምሯል፣ እሷ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። አማቷ "አራስ አይደለች፣ ይለቃታል" አሉኝ፣ እኔም ካርዱን ሞልቼ ሸኘኋት። ይኸው እስካሁን ከሃሳቤ አልወጣችም። ደሙን ግፊቱን እናውቃለን፣ ይሄኛውን ግን እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም። ማስተርስ ልማር? እዚሁ ይቻላል ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?

የሂርማታ ልጅ፦
እህቴ እዚሁ ይቻላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒካሉንና ኮሚኒቲውን ያጣመረ የአእምሮ ጤና ማስተርስ አለው፣ እኔም ከነርስነት ተነስቼ በሱ ነው የገባሁት። ግን ተመርቄ መጀመሪያ የሰራሁት ስህተት ቢሮ ቁጭ ብዬ እናቶችን መጠበቅ ነበር፣ "ሳይካትሪ" የሚል በር አራስ ታንኳኳለች እንዴ? ሰው ምን ይላታል? ወደ ክትባት ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ስወርድ ነው ስራው የተጀመረው። አንቺ ደግሞ እዚያው ነሽ፣ ያዋለደቻትን ታምናለች።

ማስተርሱን ሳትጠብቂ የአራስ እናቶችን ድብርት የሚለየውን የኤድንብራን መጠይቅ ልመጂ፣ 10 ጥያቄ ነው ያለፉትን 7 ቀናት ነው የሚጠይቀው፣ ከ30 ይደመራል። ድምሩ ዝቅ ቢልም 10ኛዋን እያት፣ ራስን ስለመጉዳት ናት። አማት ፊት ግን እንዳትጠይቂ! ኦሮምኛ ተናጋሪዋንም በቋንቋዋ አናግሪያት፣ የሆድ ነገር በአስተርጓሚ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ለእናቶች ድብርት ያወጣው ማኑዋል አለ፣ መጀመሪያ ፓኪስታን ገጠር ውስጥ እንደኛ ጤና ኤክስቴንሽን ባሉ ሴቶች የተሞከረ ነው፣ ስፔሻሊስት ብቻ የሚሰራው አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም ግን ደርሶብኛል። ገንፎ ይዞ የመጣው ሁሉ "ልጁ እንዴት ነው" ይላል፣ ጡት ይጠባል ወይ ይተኛል ወይ፣ እኔ ደግሞ ልጁን ሳየው ምንም አይሰማኝም ነበር ይሄን ለማን ይነገራል? አንዲት ነርስ እናቴን ካርድ ክፍል ልካት በሩን ዘጋችና "አንቺስ?" አለችኝ። ብዙ አለቀስኩ። መዳን የጀመርኩት ከዚያ ቀን ነው።

ሳይካትሪ ነርስ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ የሚያስብሰው ነገር ብዙ ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቃል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ይለቃታል ተብሎ አይተውም። እንቅልፍ ጭራሽ ካጣች፣ ወሬዋ ከተዛባ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ከ1000 ወላድ 1 ወይ 2 ላይ ነው የሚደርሰው ግን ለሷም ለህፃኑም አደገኛ ነው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ፀበሉም ዱዓውም ይቅር አልልም፣ ህክምናው ግን አይዘግይ፣ ብቻዋንም አትተዋት።

ሚድዋይፏ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የልጅቷ ቀጣይ ክትባት ገና 3 ሳምንት ይቀረዋል፣ አልጠብቅም። ኤክስቴንሽኗ ቤቷን ታውቀዋለች፣ ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ እሷ አማትየውን ውጪ ታጫውትልኛለች።