«የመዳፍ ልብ» የጾም ነው?

ጠያቂ፦ ወዳጆቼ፣ ቸገረኝ። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ነው። የጾም ምግቦቻችን ስም በአማርኛ ይጻፍ ተባለ። ሰላጣው ውስጥ ያለውን «ሃርት ኦቭ ፓልም» አንድ ልጅ «የመዳፍ ልብ» ብሎ ተረጎመው። ዓርብ ዕለት አንዲት እናት ካርዱን አነበቡና ሳህኑን ገፋ አደረጉት። «ልጄ፣ የምን ልብ ነው? ጾም አይደለም እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ። ተክል ነው ብላቸውም አልቀመሱትም። ካርዱ ነገ ይታተማል። ምን ብዬ ልጻፈው?

አትክልተኛው፦ እሳቸው ምን አጠፉ? «ፓልም» መዳፍም ነው፣ ዘንባባም ነው። ላቲኑም ሁለቱን «ፓልማ» ነው የሚላቸው። እዚህ ጋ የተፈለገው ዛፉ ነው። አናቱ ላይ፣ ገና ያልተዘረጉት ቅጠሎች ተጠቅልለው የተቀመጡበት ነጭ እንቡጥ አለ። ሽፋኑን እየላጥክ እየላጥክ ነው የምትደርስበት። ቆርቆሮ ውስጥ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ይመጣል። ስትቆርጠው ቀለበት ቀለበት ይሆናል። ብራዚሎች «ፓልሚቶ» ይሉታል። ፍሎሪዳ ላይ ደግሞ «የረግረግ ጎመን» ነው ስሙ። የሚወጣበት ዛፍ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የግዛቲቱ መለያ ዛፍ ነው። ባለ አንድ ግንዱ ዘንባባ እንቡጡ ከተወሰደ ይሞታል፣ ሌላ አናት የለውም። ለዚህ ነው ኮስታሪካና ኢኳዶር ከሥሩ ደጋግሞ የሚያቆጠቁጠውን ዓይነት የሚያለሙት። ስለዚህ «ልብ» መባሉ እውነት ነው። ልቡን አውጥተህ የሚኖር የለም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ወንድሜ አትክልተኛው ጥሩ ብለሃል። ግን «ዘንባባ» ከማለታችን በፊት ግዕዙን እንይ። ዛፉ «በቀልት» ነው። «ጻድቅ ከመ በቀልት ይፈሪ» ያላለ ዳዊት ደጋሚ የለም። እኔ እንደሚመስለኝ በቀልት የመጣው ከመብቀል ነው። በቃይ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ማለት ነው። የሚበላው ክፍልም እኮ ቡቃያው ነው። ስሙ ራሱ ምግቡን ነግሮናል!

ባለ ድጓ፦ ቀስ በል። መብቀል በግዕዝ «በቈለ» ነው፣ በቈ። በቀልት ግን በቀ ነው። ሁለቱን ፊደል አንድ ካደረግን ሰዋስው ምን ሊሠራ ተማርን? ሰባት ዓመት የቆጠርኩት ይህን ለመለየት ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ የኔታ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ከጊዜ ብዛት ቈ ወደ ቀ የተመለሰባቸው ቃላት የሉም? አማርኛው ራሱ «በቀለ» ይላል።

ባለ ድጓ፦ እሱ አማርኛ ነው። ሊቃውንቱ ግዕዙን ሲጽፉ አማርኛ አልጠየቁም።

ከአሽዶድ፦ እኔ ደግሞ «ልብ» ላይ ልመለስ። እዚህ እስራኤል ቆርቆሮው ላይ «ሌቫቮት ዴኬል» ተብሎ ነው የተጻፈው፣ የዘንባባ ልቦች። ቃሉ የእኛው ልብ ነው። ዓረብኛው «ሉብ» ሲል የፍሬ አስኳል ማለቱ ነው። ጥንት ግን ዕብራውያኑ ይህን ምግብ «ቆራ» ነበር የሚሉት። ታልሙድ በሚሉት የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ በየትኛው ቡራኬ ይበላ ብለው ተከራክረውበታል፣ የምድር ፍሬ ነው አይደለም በሚል። የእናታችን ጥያቄ አዲስ አይደለም።

አትክልተኛው፦ ግሪኮቹ ደግሞ ልብ አላሉትም፣ አንጎል ነው ያሉት። ወታደርም ጸሐፊም የነበረው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ባቢሎን አገር ሳሉ ወታደሮቹ «የተምር ዛፍ አንጎል» መጀመሪያ እንደበሉ ጽፏል። መልኩም ጣዕሙም አስገረማቸው። ራስ ምታት ያመጣል ይላል። አንጎሉ የወጣለት ዛፍ ሁለመናው እንደሚደርቅም ጽፏል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ አንጎልም ልብም አንድ ናቸው እኮ። በእኛ «ልብ» ማሰቢያም ነው። ልብ በል፣ ልብ ገዛ፣ ልቦና እንላለን። ወንጌሉም «በምድር ልብ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት» ይላል። ልብ መካከል ነው፣ ውስጥ ነው። ከእንግሊዝኛ መዋስ አያስፈልገንም።

ባለ ድጓ፦ እዚህ ላይ ተስማማሁ። በቀልቱ ላይ ግን አልለቅህም።

ጠያቂ፦ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ብዙ ተማርኩ። ግን ካርዱ የሚመጠነው ለሦስት ቃል ነው። «የዘንባባ ልብ» ብል እኚያ እናት አሁንም «ልብ» የምትለዋ ላይ ይቆማሉ። በተራበ ሰው ፊት ወንጌል አልጠቅስም። «የዘንባባ ለጋ» ብለውስ?

አትክልተኛው፦ ጥሩ ነው። ለጋ መሆኑ እውነት ነው፣ በጥርስ ሳይሆን በምላስ የሚበላ ነው።

ከአሽዶድ፦ እኔ «የዘንባባ እምብርት» እመርጣለሁ። የጎመኑም የከተማውም መሀል እምብርት ይባላል።

ባለ ድጓ፦ እምብርትም ሥጋ ነው፣ ከልብ በምን ተሻለ? «የበቀልት እንቡጥ» በለው፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የወይዘሮ ልጅ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ለጋ የሚለውን እባክህ ተወው። እናቴም እንደ እሳቸው ጿሚ ናት። አሁን ጮክ ብዬ «የዘንባባ ለጋ» አልኳት። እጇን ከሊጡ ሳታነሳ «ለጋ ቅቤ በዓቢይ ጾም?» አለችኝ።